የባሻ ሞላ ጆሮና ርካሿ ቮልዩም

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ልኮራባችሁ ብዬ አይደለም፤ ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ሬዲዮ ይጠግናል፣ ካውያ ያድናል፣ የሞተ ሞባይል በእጁ መዝኖ ሕመሙን ይናገራል ተብሎ ይታመናል። እኔ ደግሞ ኤሌክትሪክን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ቤታችን ውስጥ አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ የምትወጣው ባለቤቴ ጥሩወርቅ ናት። እኔ ከታች ወንበሩን እይዝና ስለ ኤሌክትሮን ጉዞ አብራራላታለሁ። እስካሁን አንድም ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ "የድምፅ ማጉያ ሥራ" ተብሎ የታዘዘው። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ ታውቃላችሁ፤ ተረቱን አልጨርሰውም፣ ምናልባት ምግብ ላይ ትሆናላችሁ።

ደግሞስ የእኛ አገር ሰው ማጉያ ምን ያደርግለታል? ጉና ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ከአንዱ ጋራ ቆሞ በወዲያኛው ጋራ የሚያርሰውን ጎረቤቱን "ጥጃዋ ተገኘች ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ይሰማል፤ ስለ ጥጃዋ እናት ጤንነትም ይጨመርለታል። ይህ ሰው ከተማ ሲገባ ድምፁን ጋራው ላይ ትቶ አይመጣም። መናኸሪያ አካባቢ ሁለት ሰዎች ሲጮሁ ብትሰሙ ለመገላገል እንዳትሮጡ፤ ሰላምታ ላይ ናቸው። ለእኛስ የሚያስፈልገን መቀነሻ ነበር።

ነገሩ የመጣው በአንድ ግቢ አብረውን በሚኖሩት በአማቴ በባሻ ሞላ ነው። ባሻ ሰማንያን ከተሻገሩ ወዲህ ጆሯቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ሄደ። እኛ ቤተሰቦቻቸው አናነሳውም፣ እሳቸውም አይናገሩትም። ባሻ ዘዴ ነበራቸው። ሰው ሲስቅ ይስቃሉ። ሰው ሲያዝን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "አይ ጊዜ" ይላሉ። "አይ ጊዜ" ለማንኛውም ወሬ የሚሆን መልስ ነው፤ ለሞተም፣ ለተሾመም፣ ለጤፍ ዋጋም። ካላመናችሁ ነገ ቀኑን ሙሉ ሞክሩት፤ "እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ነው" ተብላችሁ ትገባላችሁ። ጆሮ ውስጥ የሚሰካ መሣሪያ ከባሕር ዳር አስመጥተንላቸው ነበር፤ አንድ ቀን አደረጉትና "ትንኝ አስገባችሁብኝ" ብለው አውጥተው ለጥሩወርቅ መለሱላት።

ታዲያ ባሻ የሠፈሩ ዋና አስታራቂ ናቸው። ባልና ሚስት የተጣሉ እንደሆነ፣ በሬ የሰው እህል የገባ እንደሆነ፣ ሰው ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት እሳቸው ዘንድ ይመጣል። አስታራቂ ጆሮ ከሌለው የሚቀረው ጢሙ ብቻ ነው። ሰዉም ሹክ ሹክ ማለት ጀምሮ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ባሻ ግን ሹክሹክታውን ባይሰሙትም ከሰው ዓይን ላይ ያነቡት ነበር። አንድ ቀን ጥሩወርቅን ጠርተው፣ "የውበቱንና የአበጀን ነገር ልይና ጣራ ገዳም እገባለሁ። ቆብ ልድፋ። ከእንግዲህ ለሰው አልሆንም" አሏት።

ሰው ሲያረጅ መመንኮሱ በእኛ ዘንድ ክብር ነው፤ ማንም አይከለክልም። ጥሩወርቅ ግን አባቷ የሚሄዱት አፍረው መሆኑ ገባት። የፈተና ወረቀት ሳርም መጥታ ከፊቴ ቆመች።

"ስማ" አለችኝ። "አባዬ እየሰሙ ቢመነኩሱ ቆቡን የምሰፋላቸው እኔው ነኝ። ሳይሰሙ፣ አፍረው ግን ከዚህ ቤት አይወጡም። አንተ አስተማሪ አይደለህ? የሚያሰማቸውን ነገር ሥራ።"

"እኔ እኮ የማስተምረው..."

"እሱን ለተማሪዎችህ ንገራቸው።"

ውበቱና አበጀ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ፋርጣ ውስጥ ያርሳሉ። በሁለቱ ማሳ መካከል አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት "ይህ ዛፍ የማን ይሁን?" ብለው ባሻ ዘንድ መጡ። ነገሯ ትንሽ ስለነበረች ባሻ ሌላ ሽማግሌ ሳይጨምሩ፣ ከቅዳሴ መልስ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለቱን ለየብቻ እየጠሩ አዳመጡና ለታናሽየው ለአበጀ ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ አይነጋገሩም። ታላቁ ውበቱ "አበጀ በጎን ማር ወስዶላቸው ነው" ብሎ ለሰው አወራ። አበጀም ይህን ሲሰማ የወንድሙን ደጃፍ እርም አለ። አሁን ነገሩ እንደገና ሊታይ ለእሑድ ተቀጥሯል፤ በዚህ እሑድ ባሻ ወይ ሰምተው ያስታርቃሉ፣ ወይ እንደለመዱት ነቅነቅ አድርገው ወደ ገዳማቸው ይሄዳሉ።

ማጉያውን እንዴት እንደሠራሁት በዝርዝር አልነግራችሁም፤ አንብቦ የሚሞክር እንዳይኖር። ሣጥኑ ድሮ ለሠርጋችን የተሰጠን የካሴት ቴፕ ነበር። ሆድ ዕቃውን አውጥቼ ከሰይድ ሱቅ የገዛሁትን የማጉያ ቦርድ ከተትኩበት፤ ከጎኑ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ስፒከር፣ ከፊቱ አንድ ማይክ። በመበየጃው ሦስት ጣቴንና የጥሩወርቅን የጠረጴዛ ልብስ አቃጠልኩ። የመጀመሪያው ቀን ጨሰ። በሁለተኛው ቀን ሬዲዮ ሳይኖረው በገዛ ራሱ የሬዲዮ ጣቢያ ያዘና ዜና አነበበልን። በሦስተኛው ቀን ሠራ፤ ሲሠራ ከሁሉም በላይ የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

የቀረው የድምፁ መጨመሪያና መቀነሻ፣ ቮልዩም የምንለው ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ማጮህ ለማንም ቀላል እንደሆነና ጭንቁ ልኩ ላይ እንደሆነ ነው። መጀመሪያ ያደረግሁበት ተራውን፣ የሚዞረውን ነበር። አቧራ ስለገባበት ሲዞር እንደሚቆላ ሽምብራ ይንጣጣል። የባሰው ደግሞ የባሻ እጅ ይንቀጠቀጣል። ጥሩወርቅ ማይኩን ይዛ ቀስ ብላ "አባዬ፣ እንዴት አደሩ?" አለች። ባሻ ማዞሪያውን ነካ አደረጉት፤ ምንም የለም። ደግመው ነካ ሲያደርጉት ድምፁ ቤቱን አናወጠው። ዶሮዎቹ ግቢውን ለቀው ወጡ፤ ድመቷ እስከ ማግስቱ አልተመለሰችም። ባሻ ግን ሳይደነግጡ፣ "ደህና አድሬአለሁ ልጄ። ምነው፣ ምን አስቆጣሽ?" አሉ።

ወደ ሰይድ ተመለስኩ። ሰይድ መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሸጣል፣ የተበላሸም ይጠግናል፤ አባቱ ሐጂ ይማም ከባሻ ጋር ሽማግሌ የሚቀመጡ ናቸው። ጨዋ ልጅ ነው፤ በሠራሁት ሥራ ፊት ለፊቴ ስቆ አያውቅም።

"መምህር" አለኝ፣ "የሚዞር ነገር ቀርቷል። አሁን ያለው ኤሌክትሮኒክ ቮልዩም ነው።"

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ትንንሽ ቦርድ ደረደረልኝ። አንዷ ሁለት ቁልፍ ብቻ ያላት፣ ሁለተኛዋ ሪሞት ያላት። ሦስተኛዋም ሪሞት አላት፣ ዋጋዋ ግን ከሁለቱም ላቅ ይላል።

"ይቺ ምን ስላላት ነው የምትወደደው?"

"ይቺ አትረሳም። መብራት ሄዶ ሲመጣ የነበረችበት ላይ ትነሳለች።"

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ ይረሳሉ።"

እኔም የሰው ስም፣ ቁልፍ ያስቀመጥኩበትንና የጋብቻችንን ቀን እየረሳሁ ስንት ዓመት ኖሬአለሁ፤ ላለመርሳት ሲባል ይህን ያህል ገንዘብ መጨመር አልታየኝም። ርካሿን፣ ባለ ሁለት ቁልፏን ያዝኩ። ልብ በሉልኝ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ በሰኔ ዝናብ፣ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ሰው ነው መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ያላሰበው።

ባለ ቁልፏ አትንጣጣም፣ አትዘልም። አንድ ጊዜ ስትጫን አንድ ደረጃ፣ እንዲህ እያለች እስከ መቶ። ባሻ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ እንደ መቁጠሪያ ወሰዷት። በጫኑ ቁጥር "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ይላሉ፣ አርባ አንድ ሲሞላ ድምፁ ልክ ለጆሯቸው ይሆናል። እውነቴን ነው፤ አርባ ላይ አይሰሙም፣ አርባ ሁለት ላይ ይጮህባቸዋል። ባሻ ይህን እንደ ምልክት ቆጠሩት፤ እኔም የፊዚክስ ሰው ሆኜ መከራከሪያ አጣሁ።

ችግሩ የመጣው ሌላኛው ሽማግሌ ቄስ ደምሴ ሊሞክሩልን የመጡ ዕለት ነው። ማይኩን ይዘው በዚያ ሳምንት ስለቀበሩት አንድ ሰው ማውራት ጀመሩ። መብራት ጠፍቶ መጣ። ቮልዩሟ ዜሮ ላይ ተቀመጠች። ባሻ ከአንድ እግዚኦ ጀመሩ፤ አርባ አንድ ሲሞላ ቄስ ደምሴ ሟቹን ቀብረው ጨርሰዋል። ከመጀመሪያው ሲያወሩላቸው እንደገና መብራት ጠፋ። በዚያ ከሰዓት ምስኪኑ ሰውዬ አራት ጊዜ ተቀበረ።

"እሑድም እንዲህ ከሆነ" አሉኝ ቄስ ደምሴ ሲወጡ፣ "ወንድማማቾቹ ሳይታረቁ ፍልሰታ ይገባል።"

ዓርብ ዕለት በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ሰይድ ዘንድ ሮጥኩ።

"ባለ ሪሞቷን ስጠኝ።"

"የትኛዋን? የምትረሳዋን ነው ወይስ..."

"ርካሿን።"

"እሽ። ግን መምህር፣ ይቺ እንደ ባለ ቁልፏ ዜሮ ላይ አይደለም የምትነሳው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ እሷ..."

የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። "ነገ ትነግረኛለህ" ብዬው ሮጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እሷስ ቢያንስ ምን እንዳፈሰሰች ታውቃለች።

ሪሞቷን ባሻ እጅ ላይ ሳስቀምጥ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። ጫን አድርጎ መያዝ ብቻ ነው፤ ድምፁ ይወጣል ወይም ይወርዳል። የእጅ መንቀጥቀጥ አይበግራትም። እርግጥ በመስኮቱ በኩል የጎረቤታችን ቴሌቪዥንም አብሮ ይታዘዝላቸው ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ጋኔን ገብቶበታል ብለው ጠበል ሊረጩት ሲሉ ደርሼ አስጣልኳቸው። ቅዳሜ ዕለት ባሻ ከእኔ ጋር ስለ ገብስ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰው ሁሉ ሲጨዋወቱ ዋሉ። የጠየቅኋቸውን ይመልሳሉ፣ የመለሱትን ይጠይቁኛል። አማቴ ጨዋታ አዋቂ መሆናቸውን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ጥሩወርቅ ከወጥ ቤት ብቅ እያለች ታየናለች፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቴ ውስጥ እንደ መሐንዲስ ተንጎራደድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰበሰበ። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ባሻ፣ ቄስ ደምሴና ሐጂ ይማም፣ በባሻ እንግዳ መቀበያ ክፍል ተቀመጡ። ወንድማማቾቹ ፊት ለፊታቸው፣ ዘመድ አዝማዱ ውጪ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ። ማይኩ ጠረጴዛው መካከል፣ ትንሹ ስፒከር ከባሻ ቀኝ ጆሮ ሥር፣ ሪሞቷ ጭናቸው ላይ። እኔ የማሽኑ ሐኪም ተብዬ ጥግ ላይ ቆምኩ። ቄስ ደምሴ ጸለዩ፣ ሐጂ ይማም ዱዓ አደረጉ፣ ውበቱ ተነሣ።

ዛፉን የተከለው የመጀመሪያ ልጁ በተወለደችበት ዓመት እንደሆነ፣ ችግኙን ከብት እንዳይበላው እሾህ አጥሮ እንዳሳደገው ተናገረ። ባሻን አየኋቸው። ራሳቸውን አልነቀነቁም። ለካ ሰው የእውነት ሲሰማ አይነቀንቅም፤ ዝም ብሎ ያያል። ውበቱ እየተቆጣ ሲመጣ ባሻ በሪሞቷ ትንሽ ዝቅ ያደርጉታል፣ ሲረጋ ከፍ ያደርጉታል። ሰውዬው ሳያውቀው ይገራ ነበር። ይህ ነገር ለባለትዳሮች ቢታደል ብዬ አሰብኩና፣ ሪሞቷ በማን እጅ ልትሆን እንደምትችል ሳስብ ሐሳቤን ተውኩት።

ተራው የአበጀ ሆነ። "አባቶቼ" አለ፣ "እኔ ያን ዛፍ አልፈለግሁትም። ያኔም ባሻ ለብቻዬ ሲጠሩኝ 'የተከለው ወንድሜ ነው፣ ለእሱ ይሁን' ብያቸዋለሁ። ለእኔ ሲፈርዱ ወንድሜ ራሱ ትቶልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሌባ አለኝ።"

"ይዋሻል" አለ ውበቱ። "እንዲህ ብሎ ቢሆን ባሻ ለእኔ ይፈርዱ አልነበር? ይኸው ባሻ አሉ፣ ይናገሩ።"

ሁሉም ወደ ባሻ ዞረ። ባሻ ሪሞቷን ጭብጥ አድርገው ያዟት። ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ። አበጀ ይናገራል፣ ስፒከሩ ጭጭ ብሏል።

"ድምፄን ቀነሱብኝ" አለ አበጀ። "ለወንድሜ ጨምረው ለእኔ ቀነሱ። አሁንስ አያችሁ?"

"ኧረ ለእኔም ሲቀንሱ ነበር" አለ ውበቱ። "በተቆጣሁ ቁጥር ሲጫኑ አይቻለሁ።"

ሁለት ዓመት በምንም ነገር ያልተስማሙ ወንድማማቾች በዚህ ተስማሙ። የባሕር ዛፉ ነገር ቀረና የድምፅ ክፍፍል ክርክር ተጀመረ። ሐጂ ይማም ለሁለቱም ሠላሳ ሠላሳ ይሁን አሉ። ቄስ ደምሴ ሠላሳ አንሷል፣ አርባ አንድ አርባ አንድ ይሁን አሉ። ውበቱ ታላቅ ስለሆንኩ ይጨመርልኝ አለ። በመጨረሻ አርባ አንድ ላይ ታሰረ፤ አበጀም አንድ ነገር ጠየቀ፤ ባሻ የሚሰሙትን ግቢ ያለው ዘመድም ይስማና ይመስክር፤ ትልቁ ስፒከር በመስኮቱ ወደ ውጪ ይዙር። ሽማግሌዎቹ ፈቀዱ። እኔም ሥራዬ በአደባባይ መሰማቱ ደስ ብሎኝ ትልቁን ስፒከር መስኮት ላይ አቆምኩት። ባሻ በዚህ ሁሉ መካከል ግንባራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

ሽቦውን አጥብቄ፣ ለዚሁ ብዬ የነቀልኩትን የትንሹን ስፒከር ሽቦ ገና ሳልመልስ መብራት ጠፋ።

"ደግ ነው" አሉ ሐጂ ይማም። "እስኪመጣ እኛ እንምከርበት። እናንተ ወጣ በሉልን።" ሁላችንም ወጣን፤ እኔንም ጭምር አስወጡኝ። በሩ ከውስጥ በመወርወሪያ ተዘጋ።

ግቢ ውስጥ ውበቱ በአንዱ ጫፍ፣ አበጀ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። ጥሩወርቅ ጠላ ትቀዳለች። እኔ ማሽኑን ማንም እንዳይነካብኝ እየሰጋሁ ደጃፉ ላይ ቆሜአለሁ። ጥቂት ቆይቶ የበረንዳው አምፖል በራ። "ጎሽ" አልኩ።

ሰይድ ያልጨረሰልኝ ዓረፍተ ነገር ያን ጊዜ ተፈጸመ። ርካሿ ቮልዩም ስትረሳ የምትነሳው መጨረሻው ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ ረጅም ፉጨት መጣ፣ ከዚያ የባሻ ድምፅ ግቢውን፣ መንገዱን፣ ወዲያ ያለውን ሠፈር ሞላው።

"...ያኔ አልሰማሁም ነው የምልዎት፣ ቄስ ደምሴ። ሁለቱም እዚያ ድንጋይ ላይ ሲነግሩኝ አንዲት ቃል አልሰማሁም።"

ጠላ ያነሣ ሁሉ እንዳነሣ ቀረ። እኔ ወደ በሩ ሮጥኩ፤ መወርወሪያው አልከፈትም አለ። ባንኳኳ ድምፁ ዋጠው።

"ድገሙልኝ ማለት አፈርኩ። የታላቁ ፊት ቁጡ ነበር፣ የታናሹ ያዘነ። ፊት አይቼ ፈረድኩ። ታናሹ 'ለወንድሜ ይሁን' ማለቱን ዛሬ፣ በዚች ሣጥን፣ ገና አሁን መስማቴ ነው። ስሰማው ደንግጬ ድምፁን ገደልኩበት።"

ቆጣሪው በረንዳው ግድግዳ ላይ ነው። ማጥፋት ታየኝ። በአማቴ ቤት፣ በእኔ ማሽን፣ ሰማንያ ዓመት የተጠበቀ ክብር በአደባባይ እየተዘራ ነው። ሮጬ ማጥፊያውን ያዝኩ። ከኋላዬ ጥሩወርቅ እጄን ያዘችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ተወው" አለችኝ። "ይጨርሱ።"

"እነዚህን ልጆች ያጣላሁ እኔ ነኝ" አሉ ባሻ። "እነሱ እርስ በርስ ሲጠሉ እኔ መካከላቸው ተቀምጬ ሽማግሌ እባላለሁ። ከዚህ በኋላ በምን ፊቴ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ?"

ከዚያ የሐጂ ይማም ድምፅ "ይቺ ነገር ምነው እንዲህ ጮኸች?" ሲል ተሰማ፣ አንድ ሰው ማይኩን ሲመታው ጓ አለ፣ ጸጥ ሆነ። እኔ ማጥፊያውን እንደያዝኩ ነኝ። ጥፋቱን ሁሉ ወዲያው በራሴ ላይ ደመርኩት፤ ሽማግሌውን ላሰማ ብዬ አሰማሁባቸው፤ ጣራ ገዳምም ቢሆን አሁን የሚበቃቸው አልመሰለኝም።

መጀመሪያ የተነሣው አበጀ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ወንድሙ ሄደ። ዘመዶቻቸው ሊገላግሉ ተነሡ።

"ማር ወስዷል ብለህ አስወርተህብኛል" አለው።

"ብያለሁ" አለ ውበቱ፣ መሬት መሬት እያየ።

"የምን ማር? ቀፎዬን ካቻምና ጉንዳን አልጨረሰውም? አንተ አይደለህ እንዴ አመድ ነስንስ ያልከኝ?"

ውበቱ አሰበ። ሁለት ዓመት ያላሰበውን ያን ጊዜ አሰበው መሰለኝ፤ ከዚያ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣው። ወንድሙን አንገቱን አቅፎ ያዘው። ግቢው ሁሉ እፎይ አለ፤ እኔም ማጥፊያውን ለቀቅሁት።

በሩ ሲከፈት ሁለቱ ተያይዘው ገቡ፣ እኛም ተከተልን። ባሻ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል።

"ማን ነገራቸው?" አሉ።

"አንቱው ነዎት" አሉ ሐጂ ይማም በጆሯቸው ጮኸው። "ለመላው ደብረ ታቦር።"

ባሻ ወደ እኔ ዞሩ። የምገባበት ጠፋኝ። ውበቱ ቀደመኝና ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

"አባቴ" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል እያልኩ ነው ሁለት ዓመት የበገንኩ። ሽማግሌ ጉቦ ከበላ ወዴት ይኬዳል ብዬ። ጆሮ ከሆነማ ምን አለ? ጆሮ የእግዜር ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔ ነኝ እንጂ ይቅር በሉኝ የምል" አሉ ባሻ። አነሡትና ግንባሩን ሳሙት። አበጀንም ሳሙ።

ቄስ ደምሴ "እንግዲህ ታርቀዋል፤ ዛፉም የውበቱ ነው፤ እንመርቃቸውና እንነሣ" አሉ። እውነት ለመናገር እኔም እንደዚያው አስቤ ሽቦዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ጣራ ገዳምን ባሻ ከዚያ ቀን ወዲህ አላነሡትም፤ ያን ዕለት ግን ይህን አላውቅም፣ ያሳሰበኝ ከዚያ ክፍል በሕይወት መውጣቴ ብቻ ነበር።

ባሻ ግን ቁጭ አሉ። ሪሞቷን ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። ወንበራቸውን ጎትተው ከወንድማማቾቹ ጋር ጉልበት ለጉልበት እስኪገናኙ ድረስ ቀረቡ።

"አልመርቅም" አሉ። "ያልሰማሁትን ነገር አልመርቅም። ከመጀመሪያው ንገሩኝ። ሁለታችሁም።"

ውበቱ ጎንበስ ብሎ ጀመረ። ባሻ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ፤ ትንሽ ቆይተው እጃቸውን አነሡ።

"አልሰማሁም፤ ድገመው።"

ደገመው።

"እንደገና" አሉ ባሻ። "አሁንም አልሰማሁም።"

ጥሩወርቅ በሩን ተደግፋ ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ውበቱ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ይበልጥ ጠጋ አለና ሳይቆጣ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ።